የፀጉሬ ከል

ልጆቼ፣ በእኛ ሰፈር የሚጮህ ነገር ሁሉ ድንገት ዝም ካለ፣ ሰው መብራት ጠፋ አይልም። ዞር ብሎ መንገዱን ያይና "እማማ ይታይሽ እየመጡ ነው" ይላል።

ይታይሽ እኔ ነኝ። እውነትም እየመጣሁ ነው። በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ማስታወቂያው አፉን ይዘጋል። አውቶቡስ ስሳፈር ዘፈኑ ቁርጥ ይላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። የልጆች አሻንጉሊት እንኳ ዘፈኑን መሀል ላይ ይውጠዋል። አንዷ ሕፃን አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና "እማማ፣ ቶሎ ይለፉልኝ" አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ቶሎ አለፍኩላት።

እኔን ሲያይ ዝም የማይለው የወፍጮ ቤቱ አህያ ብቻ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ያናፋል። የአህያ ድምፅ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ ሁሉ ከፀጉሬ ነው። በእናቶቻችን ዘመን ሰው የሞተበት ጥቁር ይለብስ ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ጥቁር ልብስ የለም። ሙቀቱ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ልብሳችን ነጭ፣ ጣሪያችን ነጭ፣ አስፋልቱ ራሱ ነጭ ነው፤ ጥቁር ለብሶ ልውጣ ላለ ሰው የገዛ ቤቱ በር አይከፈትለትም። ስለዚህ ሐዘኑ ወደ ፀጉር ወጣ። ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉር ቤት ሄዳ ከሉን ትቀባለች፤ ፀጉሯ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ከተማው አይቷት ዝም ይልላታል።

ለከተማው የሚነግረው ጸሐፊው ነው። የቅሬያችን ጸሐፊ። ቅሬ ማለት፣ የሌላ አገር ልጆች ካላችሁ፣ ለሞትም ለሠርግም ጎረቤት የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ እናንተ እድር የምትሉት። ድሮ የቅሬ ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ ጠፋ የሚል ሽማግሌ ነበር። አሁን ሰው አይደለም። በየበሩ፣ በየወንበሩ፣ በየትሪው ውስጥ ሆኖ የሚናገር አንድ ድምፅ ነው። ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ሰው ያለውን ሁሉ እንዳለ ያምናል።

ዝምታውን ክፉ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። አሰግዴ የሞተ ሰሞን ደግፎ ያቆመኝ እሱ ነው። ባሌ አሰግድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ በኋላ እንኳ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እያፏጨ እስከ ሚሌ ይሄድ ነበር። "ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?" ስለው "ብቻዋን ትፈራለች" ይለኛል፣ መኪናዋን። ማዕድ ላይ ደግሞ አያስቀምጥም። በቃኝ ስለው "በሞቴ" ብሎ ያጎርሰኛል፤ አሁንስ በቃኝ ስለው ደግሞ "በሞቴ"። እንዲህ ያለ ሰው ሲሄድ የአውቶቡስ ዘፈን ጆሮ ውስጥ እንደ እሾህ ነው የሚገባው። ዓመቱን ሙሉ ከተማው ዝም አለልኝ። እግዜር ይስጠው።

ዓመቱ ሲሞላ ቅሬው ተሰብስቦ ቤቴ መጣ። "ይታይሽ፣ ይበቃል እንግዲህ፣ ከልሽን አውልቂ" አሉኝ።

እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ "ኧረ ተዉኝ፣ እኔ ገና ነኝ" አልኩ።

እናቴም እንዲሁ ብላለች። አያቴም ብላለች። ገና በመጀመሪያው ልመና እሺ የምትል ሴት ምን ልትባል ነው? እምቢ ይባላል፤ ይለመናል። እምቢ ይባላል፤ ይለመናል። ሦስተኛው ላይ "እናንተ ካላችሁ" ይባልና ትንሽ ተለቅሶ፣ ትንሽ ተስቆ ይወለቃል። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ ሰው የለም።

ጸሐፊው ግን ሰው አይደለም ብያችኋለሁ። ሁለተኛውን ልመና ስጠብቅ ከበሩ ላይ ድምፁን ሰማሁት። "ፈቃድዎ ተከብሯል ወይዘሮ ይታይሽ። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ማንም አይጨቀጭቅዎትም።"

ሰዎቹ ተያዩ። እኔም አየኋቸው። እምቢ ያለን ሰው መጨቅጨቅ ነውር ነው የሚለውን ደንብ ያወጣው ራሱ ቅሬው ነው፤ እኔም ያን ዕለት እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ለሌላ ነገር አስበን ነበር ያወጣነው፤ ልጃገረድ በግድ እንዳትዳር፣ ሽማግሌ በግድ ቤቱን እንዳይሸጥ። ለእኔ ፀጉር ይተርፋል ያለ ማን ነበር? ሻይ ጠጡና "ያጽናሽ" ብለው ሄዱ።

ይኸው አሰግድ ከሞተ አራት ዓመት አለፈኝ።

ራሴ ሄጄ "አውልቁልኝ" አልል ነገር፣ በምን አፌ! እነሱም ደፍረው አይጠይቁኝ ነገር፣ ደንቡ አለ። ጭራሽ ስሜ ገነነ። "ምን ዓይነት ፍቅር ቢሆን ነው!" ይላሉ። የሐይቅ ከተማ ሴቶች ሳይቀሩ ስለ እኔ ያወራሉ አሉ። ባሏን እንዲህ የምትወድ ሴት ተብዬ፣ በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ብሰማ እያልኩ እመኛለሁ። በየወሩ ሽበቱ ከሥር ብቅ ሲል ጸሐፊው ከመስተዋቱ ላይ በቀስታ ይነግረኛል፤ "ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከልዎ ሥሩ ላይ ሳስቷል።" ነጠላዬን አጣፍቼ ሐያት ፀጉር ቤት እሄዳለሁ። ተቀብቼ እመለሳለሁ።

እንዲህ ስል ምንታምር ልታገባ ሆነ።

ምንታምር የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ፋብሪካ ስትውል በእኔ ጀርባ ላይ ነው ያደገችው። እኔ በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ላይ ዘፈን የማወጣ ነበርኩ፤ እኔ አወጣለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ይቺ ልጅ ከጀርባዬ ላይ ሆና እያጨበጨበች "የእኔንም ሠርግ አንቺ ነሽ የምታወጪው" ትለኝ ነበር። እሺ ብያታለሁ። ቃል ነው።

አሁን ግን እኔ ድንኳኑ ውስጥ አንድ እግሬን ሳስገባ ድምፅ ማጉያው ይዘጋል። ከበሮውም ቢሆን በዚህ ዘመን ያው የጸሐፊው ነው። እንግዳው በሹክሹክታ ሊበላ ነው። ምንታምር መጥታ "እማዬ፣ ዝም ብለንም ቢሆን እንሞሸራለን፣ አንቺ ብቻ ነይ" አለችኝ። እሺ አልኳት በአፌ። በሆዴ ግን ወስኛለሁ፤ ልጄን በዝምታ አልድራትም። እሑድ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሥሩ ሳስቷል ተባልኩና ወደ ሐያት ሄድኩ።

ሐያት ፈጣን ልጅ ናት፤ እጇ ሥራ ላይ፣ ዓይኗ በር ላይ ነው። ፀጉር ቤቷን ብታዩት ዓይናችሁ ይጠግባል። የሰሞኑ ፋሽን ፈዘዝ ያለ ቀለም ነው። አንዷ የሎሚ ልጣጭ ተቀብታ ትወጣለች፣ አንዷ የሽምብራ እሸት፣ አንዷ የተልባ አበባ። ቀለም መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው ደህና አድርጎ የሚታየው። እኔ ስገባ እንደ ልማዱ ዘፈኑ ቆመ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥጉ ላይ ደግሞ ባልንጀራዬ ዘሀራ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ከትታ ተቀምጣለች። ካስኩ ፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ድምፁን ሊቀንስ ብሎ ነፋሱንም ቀነሰው።

"መጣሽልኝ!" አለች ዘሀራ። "አንቺ ሴትዮ፣ በአንቺ የተነሳ ሳይደርቅልኝ ሻጋታ ሊያበቅል ነው።"

"በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልታምሪ ነው?" አልኳት።

"ለራሴ! መስተዋት አለኝ አይደል?"

የዘሀራ ፀጉር የተልባ አበባ ሰማያዊ ሆኗል። እኩያዬ ናት እኮ፤ አብረን ነው ያረጀነው። አምራለች፤ አልነገርኳትም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐያት ጓንቷን አጥልቃ ከሉን በሳህን ታማስል ጀመር። መስተዋቱ ውስጥ ራሴን አያለሁ፤ መሀል ለመሀል ጣት የሚያህል ነጭ መስመር፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ከሰል።

ዘሀራ ከካስኩ ሥር አንገቷን አወጣች። "አንቺ ይታይሽ፣ ልጅቷ እኮ እሑድ ልትዳር ነው። ይሄ ነገር አይበቃሽም?"

ሐያት እጇ ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ልመና ነው እኮ ይሄ! ሦስት ዓመት የጠበቅኩት! አፌን ከፈትኩና ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ?

"ኧረ ተይኝ ዘሀራ፣ እኔ ገና ነኝ።"

ምላሴን በነከስኩት። ምን ላድርግ፤ አጥንቴ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ሳላስበው ወጣ።

"ፈቃድዎ ተከብሯል" አለ ጸሐፊው ከወንበሩ ውስጥ። "ወይዘሮ ዘሀራ፣ ወይዘሮ ይታይሽ እንዳይጨቀጨቁ ደንብ አለ።"

"ደንብህን ብላው!" አለች ዘሀራ። ቢሆንም ጭንቅላቷን ወደ ካስኩ መለሰች።

ሐያት ብሩሹን ከሉ ውስጥ ነክራ ወደ ነጩ መስመር አመጣችው። አላለቀስኩም። ዓይኔን ብቻ ጨፈንኩ። ልጄን እሑድ ከመስኮት እንኳ አላያት እንደሆነ እያሰብኩ ቀዝቃዛውን ብሩሽ ስጠብቅ በሩ ተከፈተና ምንታምር ገባች፤ ለሠርጓ ፀጉሯን ልታስሞክር። አንድ ጊዜ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብሩሹን አየች። እዚያው የተቆረጠ ፀጉር ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች።

"እማዬ፣ እንደማትመጪ አውቄያለሁ" አለች። "ስትዋሺ ነጠላሽን ትቆነጥሪያለሽ። አውልቂልኝ። ለእኔ ብለሽ አውልቂልኝ።"

"ተነሽ ልጄ፣ ሙሽራ አትንበረከክም።"

"አውልቂልኝ!"

"ኧረ ምንታምር፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ተይኝ..."

"ወይዘሮ ይታይሽ ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ብለዋል" አለ ጸሐፊው። "እባካችሁን..."

"ቆይ" አለች ሐያት። "ስንተኛ አልክ?"

"ሁለተኛ።"

ሐያት ብሩሹን እንደያዘች መስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ገጠመችኝ። ፊቷ ቀስ እያለ ሲበራ አየሁት። "እማማ" አለች፤ "ያኔ ዓመቱ የሞላ ዕለት... ስንቴ ነው የለመኑዎት?"

ነጠላዬን ቆነጠርኩ።

"አንዴ ነው! ያ አላህ፣ አንዴ ነው! እኔ በየወሩ በዚህ እጄ..." የከሉን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጓንቷን አውልቃ ጣለችና በባዶ እጇ ራሴን ከግራና ቀኝ ያዘችኝ። "እማማ ይታይሽ፣ ይሄው ሦስተኛው። እግርዎ ላይ ልውደቅ? ያውልቁልን። ሰፈሩ ድምፅዎን ናፍቋል።"

አሁን ደንቡ ሞላ። እንባዬም መጣ። "እንግዲህ..." አልኩ፤ "እንግዲህ እናንተ ካላችሁ..."

ዘሀራ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች።

"መልሱ ግልጽ አይደለም" አለ ጸሐፊው። "አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

"አዎ ነው!" አለ ፀጉር ቤቱ በሙሉ።

"ወይዘሮ ይታይሽ ራሳቸው አላሉም።"

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ልጆቼ፣ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። በዚያች ቃል ላይ ግን እናቴም አያቴም ቆመው አፌን የያዙኝ መሰለኝ። አዎ ብል፣ አዎ ሐዘኑ በቃኝ፣ አዎ አሰግድን ልርሳው ያልኩ መሰለኝ። መስተዋቱን አየሁት። ያቺ ባለ ከል ሴት መልሳ አየችኝ። እንዲህ ዝም ብላ ስትታይ አሰግድን በምንም በምንም አትመስለውም።

"ባሌ ያፏጭ ነበር" አልኩ። "ተኝቶ እንኳ ያፏጫል። አራት ዓመት ሙሉ በእሱ ስም ዝም አሰኘኋችሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። አዎ። ሰማህ ጸሐፊ? አዎ ብያለሁ። ይውለቅ።"

"ፈቃድዎ ተከብሯል" አለ ጸሐፊው።

ዘሀራ እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታ ደግሞ ማጥፊያ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝርዝር ነው የምነግራችሁ፤ እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። ሐያት መጀመሪያ ከሉን የሚያነሳውን ክሬም ቀባችኝ። ራሴን ወደ መታጠቢያው አስተኝታ ለብ ያለ ውኃ ለቀቀችብኝ። ምንታምር አጠገቤ ቆማ ታያለች። "ጥቁር እየሄደ ነው እማዬ። ቡናማ ሆነ። አሁን የሻይ ውኃ መሰለ።" ውኃው እየጠራ ሲሄድ መጀመሪያ ካስኩ ነፋሱን መልሶ ተነሣ፤ ሥሩ ተመልሳ የተቀመጠችው ዘሀራ "አቃጠለኝ!" ብላ ጮኸች። ቀጥሎ የፀጉር ቤቱ ዘፈን መጣ፣ በቀስታ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው። ከዚያ መንገዱ። የሻጩ ጥሪ፣ የአውቶቡሱ ሙዚቃ፣ የልጆቹ አሻንጉሊት፣ ሁሉም በአንድ ላይ። አንገቴን መታጠቢያው ላይ አድርጌ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውኃ ገብቶ፣ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

ሐያት ፀጉሬን ስታደርቀው ነጭ ጥጥ ሆኖ ወጣ።

"እዩት!" አለች ለሴቶቹ። "እናንተ ፈዛዛ ቀለም እንዲይዝላችሁ ስንት ሰዓት የማነጣላችሁን ነገር እማማ ዕድሜ በነፃ ሰጥቷቸዋል።"

ቀለም ምረጡ ተባለ። ዘሀራ የእኔን ሰማያዊ ትቀባ አለች፤ "መንታ እንምሰል!" ምንታምር ሐምራዊ አለች። እኔ ግን ከግቢያችን ኋላ የነበረችውን የኮክ ዛፍ አሰብኩ፤ አበባዋ ሊፈነዳ ሲል ያለውን ያን ሮዝ ለማለት የሚያሳፍር ሮዝ።

"የኮክ አበባ" አልኩ።

ሐያት አንድ ሳህን ሙሉ ነጭ ክሬም አዘጋጅታ ከቀለሙ አንዲት ጠብታ ብቻ ጣለችበት። ያቺ ጠብታ ሁሉን ለመቀባት የምትበቃ አይመስልም ነበር። አማሰለችው፤ ሳህኑ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀላ። ፀጉሬን በማበጠሪያ ጅራት እየከፈለች፣ ከማጅራቴ ጀምራ ወደ ላይ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ብሩሹን ታስኬደው ጀመር። ከሉ ሲቀባ ይከብዳል፤ ይሄ ግን የነካኝም አልመሰለኝ። ግንባሬ ላይ ያለችውን ቀጭን የፀጉር ዘለላ እንኳ አልረሳቻትም፤ በትንሿ ጣቷ ቀባቻት።

ቀለሙ እስኪይዝ ስንጠብቅ ጸሐፊው ድምፁን አሰማ። "ጥያቄ አለኝ። ወይዘሮ ይታይሽ መጀመሪያውኑ ከፈለጉ ለምን አይሆንም አሉ?"

"ጨዋ ስለሆነች ነዋ!" አለች ዘሀራ። "አንተ ሰው አታውቅም? እኔስ ብሆን በመጀመሪያ እሺ እላለሁ እንዴ? ሦስቴ ትለምናለህ። አንዴ አይ ሲሉህ አትሂድ። ደግመህ ትለምናለህ።"

"ሦስተኛውም ላይ አይ ካሉኝስ?"

"ያን ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ ተዋቸው።"

"በምን ቃል ነው የሚለመነው?"

ሴቶቹ ተሳሳቁ። "እሱ እንደየሰዉ ነው" አለች ዘሀራ። "ማዕድ ላይ ከሆነ 'በሞቴ' ትላለህ።"

"ለቅሬው አቀርባለሁ" አለ ጸሐፊው።

ቅሬውም አርብ ተሰብስቦ አጸደቀው። እኔም እጄን አወጣሁ።

እሑድ በኮክ አበባ ፀጉሬ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። መንገድ ላይ ያቺ ቶሎ ይለፉልኝ ያለችኝ ሕፃን አሻንጉሊቷን እያዘፈነች ቀና ብላ አየችኝና "እማማ፣ አሁን ቀስ ብለው ቢሄዱም ይችላሉ" አለችኝ። በድንኳኑ በር ላይ አንድ እግሬን አስገብቼ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ማጉያውን አየ። ማጉያው መዝፈኑን ቀጠለ። ምንታምር ከሙሽራው ጎን ተነስታ ከበሮውን ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። አወጣሁላት፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ድምፄ አራት ዓመት ተዘግቶ የቆየ በር ይመስል ትንሽ ሲጢጥ አለ፤ ሁለተኛው ላይ ግን ተከፈተ።

ዘፍኜ ዘፍኜ ሲደክመኝ ከዘሀራ ጋር ማዕድ ላይ ተቀመጥኩ። በላሁ። ትሪው በራሱ እየተንሸራተተ መጣና በዚያ በጨዋ ድምፅ "ይጨመርልዎ?" አለኝ።

"አይ፣ በቃኝ" አልኩ።

ድሮ ቢሆን ፈቃድዎ ተከብሯል ብሎ ይሄዳል። አልሄደም።

"ትንሽ ይጨመርልዎ እንጂ ወይዘሮ ይታይሽ።"

"ኧረ ጠግቤያለሁ።"

ትሪው ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከዚያ "በሞቴ" አለኝ።

ዘሀራ ከጎኔ ሳቋን መያዝ አቅቷት "አንተ ደግሞ ምን ሞት አለህና!" አለችው። ማዕዱ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እስቃለሁ ብዬ ጀምሬ ነበር። ግን ይቺን ቃል ማዕድ ላይ ሰው ካለኝ አራት ዓመት አልፎኛል።

ሳህኔን አቀረብኩለት።

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አልኩት።